ከደሞዜ ግብር ከተቆረጠ በኋላ ሁለተኛው ግብር ይጀምራል፤ እናንተስ ጋ እንዴት ነው?

የገርጂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ትናንት ማታ ግን የደሞዝ ወረቀቴን ይዤ ሒሳብ ስሠራ አመሸሁ፣ ለሰው ካላወራሁት ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምሠራው የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ደሞዜ ሳይቆረጥ 15 ሺህ ብር ነው። የሥራ ግብር 3,200 ይሄዳል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,050 ይሄዳል። እጄ ላይ የሚደርሰው 10,750 ነው። እሺ፣ ይሄ ሕግ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው ይጀምራል። ደሞዝ በገባ በማግስቱ ለእናቴ የስኳርና የግፊት መድኃኒት 1,900 ብር እልካለሁ። ታናሽ ወንድሜ ደሴ ይማራል፣ ለእሱ 1,500። አባቴ ካረፈ ወዲህ የቤታችንን እድር የምከፍለው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አጎቴ ሐኪም ቤት ሲተኛ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አዋጣ፣ የኔ ድርሻ 2,000 ብር ነበር። ይሄን ማንም ግብር ብሎ አይጠራውም። ግን በየወሩ ነው፣ ግዴታ ነው፣ ካልከፈልኩ የሚጎዳ ሰው አለ። ታዲያ በምን ይለያል?

ብቻውን የሚኖር ሰውም፣ አምስት ሰው የሚያበላ ሰውም፣ ደሞዛቸው 15 ሺህ ከሆነ ሁለቱም 3,200 ነው የሚከፍሉት። ልጅ አለሽ ወይ፣ የምትጦሪው ሰው አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቤቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ከጓደኛዬ ጋር ነው የተከራየነው። በወር 9 ሺህ እንከፍላለን። ወረዳ የተመዘገበው ውል ላይ ያለው ግን 4 ሺህ ነው። አከራያችን «እንዲህ ካልሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ» አሉን፣ ፈረምን። እሳቸው አራት ቤት ያከራያሉ። የኔ ደሞዝ ግን ገና እጄ ሳይገባ እስከ ሳንቲሟ ተቆጥሮ ተቆርጧል። ከኔ የሚወሰደው ስላለኝ ሳይሆን ለመያዝ ስለምቀል ነው የሚል ስሜት ነው የሚሰማኝ።

ለድሃ አልከፍልም እያልኩ አይደለም፣ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ ሴፍቲኔት ናት፣ መንገድ እየጠረገች የድሃ ድጎማ ታገኛለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መጥረጊያዋን ይዛ ስትወጣ የበሯ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል። ከኔ 3,200 ውስጥ ለሷ የሚደርስ ካለ ደስ ይለኛል። መድረሱን ግን በምን ልወቅ? እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ?

ሒሳብ ሠራተኛ

እህቴ፣ ሒሳብሽ ልክ ነው። እኔ የደሞዝ መክፈያ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ልጨምር።

ብዙ ሰው «35 በመቶ ተቆረጠብኝ» ይላል። ከሙሉ ደሞዙ 35 በመቶ የሚቆረጥበት ሰው የለም። የመጀመሪያዋ 2,000 ብር ነጻ ናት። ከዚያ እስከ 4,000 ድረስ ላለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ላለው 20፣ እስከ 10,000 ላለው 25፣ እስከ 14,000 ላለው 30፣ ከዚያ በላይ ላለው ብቻ 35። አንቺ 35 በመቶ የምትከፍዪው በመጨረሻዋ 1,000 ብር ላይ ነው። ድምሩ ሲወጣ ከደሞዝሽ 21 በመቶ አካባቢ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጭማሪው ወደ ላይኛው እርከን ካስገባኝ ይቅርብኝ» ያለኝ ሰው አጋጥሞኛል፣ በዚህ ምክንያት የሚጎዳ ሰው የለም።

ይሄ በሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1395። በፊት በነበረው በአዋጅ 979 ብትሆኚ 3,750 ትከፍዪ ነበር። 550 ብር ቀንሶልሻል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልናገር። አዋጅ 979 የወጣው በ2008 ነው። ያኔ 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 10,900 ብር 500 ዶላር ገደማ ነው። ትልቅ ደሞዝ ነበር፣ ኃላፊ የሚባል ሰው ነው የሚያገኘው። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሠንጠረዡ ሳይነካ ዋጋ ብቻ ወደ ላይ ሄደ። አሁን 14 ሺህ ተባለ። 14 ሺህ ብር አዋጁ ሲሻሻል በነበረው ምንዛሪ 100 ዶላር ገደማ ነው። በ2008 ለሀብታም ተብሎ የተሠራው እርከን ዛሬ ተራ ሠራተኛ ላይ ወርዷል። ማንም «ግብር ጨመርን» ብሎ አላወጀም። የብሩ አቅም ሲወርድ ግብሩ ራሱ ጨመረ።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ 6 ሺህ ሆኗል። ከ6 ሺህ ላይ 700 ብር ግብር፣ 420 ብር ጡረታ ይቆረጣል። ቤተሰብ ያለው ጥበቃ ወይም ጽዳት በ4,880 ብር ነው ወሩን የሚገፋው። እኔ ይህችን 700 ብር በየወሩ በእጄ እያሰላሁ አስገባለሁ። በጣም ይከብደኛል።

የመርካቶ ልጅ

ውይይቱ ጥሩ ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ወሬ በተነሳ ቁጥር መጨረሻው «ነጋዴው ነው የማይከፍለው» ላይ ስለሚያርፍ ከወዲሁ የኛንም ስሙን።

የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። በ2009 የቀን ገቢ ግምት የተባለው ሲመጣ ሁለት ልጆች ወረቀት ይዘው መጡ። «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» አሉኝ። «ገበያ እንደ ቀኑ ነው፣ ሰኞና ቅዳሜ አንድ አይደለም» አልኳቸው። መደርደሪያውን አዩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ሐምሌ ላይ የመጣልኝ ቁጥር በደህና ቀን የምሸጠው አልነበረም፣ የበዓል ዋዜማ የምሸጠው ነው። እሱን በዓመት አባዙት። ያኔ እኛም ጋ፣ ኮልፌም፣ አምቦም ሱቅ ሲዘጋ የነበረው ሰው ግብር ጠልቶ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው አጥቶ ነው።

ስለ ደረሰኝ ደግሞ። ዕቃ የምረከብበት ሰው ወይ ደረሰኝ አይሰጠኝም፣ ወይ በግማሽ ዋጋ ይቆርጥልኛል። እኔ ሙሉ ደረሰኝ ልቁረጥ ብል ወጪዬን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለኝ የሸጥኩት ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይታያል። አልቆርጥም ብል ተቆጣጣሪ ይይዘኛል፣ ቅጣቱ ሱቅ ያዘጋል። ከላይ ያለው ትልቁ ሳይነካ ከታች ያለነው ላይ ነው ሁልጊዜ የሚመጣው። እህቴ ለመያዝ ስለምቀል ያለችው እኔንም ነው። ሱቄ መንገድ ዳር ነው፣ የትም አልሄድም።

ዘካ በየዓመቱ አወጣለሁ። ዘካ ዓመት ከሞላው ከተረፈ ገንዘብ ላይ ነው፣ ከአርባ እጅ አንዱ እጅ። ያልተረፈው አይከፍልም፣ እንዲያውም ይቀበላል። ማስገደጃ የለብኝም፣ ካሜራ የለም፣ ማሽን የለም። ግን አንድም ዓመት አሳልፌ አላውቅም። ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ፣ የሚቀበለውን ሰው ቤት አውቀዋለሁ።

ሠርቶ አደር

ሁላችሁም ያላችሁት ይገባኛል ግን አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ድጎማ ሰውን ጠባቂ ያደርጋል። ሴፍቲኔት የሚባለው እኛ ሰፈር ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ጠርገው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። እኔ ሜትር ታክሲ እየነዳሁ በቀን 14 ሰዓት እሠራለሁ። ነዳጅ ጨመረ፣ ጎማ ጨመረ፣ ማንም አልደጎመኝም። ለምን ከኔ ተወስዶ ለሌላው ይሰጣል? መጀመሪያ ሥራ ይፈጠር።

የጠራጊዋ ልጅ

ወንድሜ፣ ድካምህን አልንቅም። ግን ስለማታውቀው ነው የምታወራው።

እናቴ ሦስት ዓመት በከተማ ሴፍቲኔት ሠርታለች። ሁለት ሰዓት የምትለው አንተ ስትነሳ ያየኸውን ነው። እሷ የጀመረችው አንተ ተኝተህ ሳለ ነው። ቀጥረው የሚያሠሯት ቀን የተወሰነ ነው፣ በሌላው ቀን ሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ከምታገኛት ላይ ሃያ በመቶው ቁጠባ ተብሎ ባንክ ይገባል፣ ማውጣት አትችልም ነበር። በመጨረሻ በዚያ ቁጠባና በተሰጣት መነሻ ገንዘብ የእንጀራ ምጣድ ገዛች። ዛሬ ሦስት ምግብ ቤት ታስረክባለች። የኔ የዩኒፎርም ብር የወጣው ከዚያ መጥረጊያ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ «ከኔ ተወስዶ» ለምትለው፣ የከተማ ሴፍቲኔቱ የመጀመሪያው ምዕራፍ በጀት 450 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 300ው የዓለም ባንክ ነው፣ 150ው የመንግሥት። ከመንግሥት በጀት የወጣው ከሦስት አንድ እጅ ነው፣ እሱም ለአሥራ አንድ ከተማ የተከፋፈለ። እኔን የሚያሳስበኝ እንዲያውም ሌላ ነው። ፕሮጀክት ያልቃል። ሲያልቅ የማን እናት ትቀራለች? በራሳችን ግብር የሚሠራ ቢሆን ኖሮ «ፈንዱ አልቋል» ተብሎ ሰው በር ላይ አይመለስም ነበር።

ሠርቶ አደር

እሺ፣ ስለ እናትሽ ይቅርታ። ቁጠባ እንዳለው አላውቅም ነበር። እኔ ያየሁት ከመኪና መስኮት ነው። ነዳጁን ግን አልተውኩትም፣ የኔም ሕይወት ከባድ ነው።

ከስቶክሆልም

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ስዊድን ከመጣሁ 16 ዓመቴ ነው። የአረጋውያን ቤት ነው የምሠራው። ከዚህ ሆኜ የማየውን ላካፍላችሁ፣ «እዚያ ገነት ነው» ለማለት ሳይሆን።

እኔም ጋ ይቆረጣል። የኮሙን፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ እና የክልል ግብር ተደምሮ በአማካይ 32 በመቶ ገደማ ነው። ሱቅ ስገባ ደግሞ አብዛኛው ዕቃ ላይ 25 በመቶ ቫት አለ። መጀመሪያ የደሞዝ ወረቀቴን ሳይ ስህተት መስሎኝ ቢሮ ሄጄ ጠይቄ ነበር።

ግን ሁለት ልጆች አሉኝ። በየወሩ ለእያንዳንዳቸው 1,250 ክሮና ይገባልኛል። ለሐኪሟም ይገባል፣ ለኔም ይገባል፣ እኩል። ማንም «ድሃ መሆንሽን አስመስክሪ» አላለኝም። ልጄ የጆሮ ሕመም ሲያማት ሐኪም አልከፍልም። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የትምህርት ክፍያ አልከፍልም። የገርጂዋ ሁለተኛ ግብር ያለችውን እዚህ ስዊድኖቹ አይከፍሉትም። አብራኝ የምትሠራው ስዊድናዊት እናቷን በየሳምንቱ አበባ ይዛ ትጠይቃለች እንጂ የመድኃኒት ብር አትልክም። የእናቷን መድኃኒት አብዛኛውን ወጪ የመጀመሪያው ግብር ይከፍለዋል።

እኔ ግን ሁለቱንም እከፍላለሁ። ጎንደር እናቴ አለች። በየወሩ እልካለሁ። እዚህም ማንም ከግብሬ ላይ አይቀንስልኝም።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም የገረመኝ፣ እዚህ የሰው ገቢ ምስጢር አይደለም። ግብር ቢሮ ደውለሽ የጎረቤትሽን የታወጀ ገቢ ብትጠይቂ ይነግሩሻል። አራት ቤት አከራይቶ የአንድ ቤት አስመስሎ መኖር ከባድ ነው፣ ሰው ያያል።

ሒሳብ ሠራተኛ

የስቶክሆልሟ፣ ስለ ልጆች ያልሽው ጥሩ ነጥብ ነው። ምክንያቱም የገርጂዋ የጠየቀችው የቤተሰብ ቅናሽ እኛ ጋ ቢመጣ እኔ ዴስክ ላይ የሚሆነውን አውቃለሁ። በማግስቱ ሁሉም ሰው ስምንት የሚጦረው ዘመድ ይዞ ይመጣል። ማን ያጣራል? ቀበሌ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤው ዋጋ ይወጣለታል። በመጨረሻ ቅናሹን የሚያገኘው ደብዳቤ ማጻፍ የሚያውቀው ነው፣ የጥበቃው ሠራተኛ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ነጻዋን 2,000 ብር ከፍ ማድረግ ይሻላል እላለሁ። ለሁሉም ይደርሳል፣ ምንም ወረቀት አይፈልግም፣ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከታች ያለውን ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ከፍ ይበል ብሎ ሲጠይቅ ነበር።

የገርጂዋ

ገባኝ። ግን ከፍ ሲል የሚጎድለውን ገንዘብ ማን ይሙላ? ዞሮ ዞሮ እናቴን የሚያክመው ጤና ጣቢያም በዚያ ብር ነው የሚሠራው።

ሒሳብ ሠራተኛ

ጥያቄሽ ትክክል ነው። አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከጠቅላላ ምርቷ ከ10 በመቶ በታች ነው፣ የዛሬ አሥር ዓመት ከነበረበት ወርዶ። ስለዚህ ችግሩ ብዙ መሰብሰቡ አይደለም። ከጥቂት ሰው ላይ ደጋግሞ መሰብሰቡ ነው። አከራይሽን ተመልከቺ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ይመዝገብ ይላል፣ ተመዘገበ፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። የንብረት ታክስ አዋጅም በ2017 ወጥቷል። ሕጉ አለ። አራት ቤት ያለው ሰው ባለው ልክ ከከፈለ ከጥበቃው ላይ 700 ብር መውሰድ ላያስፈልግ ይችላል።

እና ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ያንቺም ፊርማ ነው እዚያ ውል ላይ ያለው።

የገርጂዋ

አዎ ነው። ስፈርም እጄ ከብዶኝ ነበር። ግን ያን ቀን ከቤት የሚያስወጣን ሰው ፊታችን ቆሞ ነበር። ዛሬ ቢሆንም እፈርማለሁ መሰለኝ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ጡረተኛ መምህር

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን እያነበብኩ ነው። ጎጃም ነው የተወለድኩት። በ1960 ዓ.ም. ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዋጅ ወጣ። ሞጣና ቢቸና በረታ፣ ገበሬው አልከፍልም አለ። ጦር መጣ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ።

አባቴ ለግብር እንግዳ አልነበረም። ከዚያ በፊት አሥራት ከፍሏል፣ የመሬት ግብር ከፍሏል። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር የሚባል ተጨመረ፣ በኋላም የጤና ግብር መጣ። አስቡት፣ ስሙ ሲሰማ እንዴት ያምራል። አባቴ በየዓመቱ የትምህርት ግብር ይከፍል ነበር። እኔ ግን ፊደል ለመቁጠር የስድስት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄጄ ከተማ ዘመድ ቤት ነው የተቀመጥኩት፣ እኛ አገር ትምህርት ቤት አልነበረማ። ሐኪም ቤት ያየሁትም ከተማ ነው። የእርሻ ግብሩ አዋጅ ሲመጣ «መሬታችሁ ይለካል» ተባለ። ሰው «ልጄን ሊያስተምሩ ነው» ብሎ አላሰበም። ርስቴን ሊወስዱ ነው ብሎ ነው ያሰበው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ከፍሎ ትምህርት ቤት ያላየ ሰው ሌላ ምን ያስብ?

እኔ አስተማሪ የሆንኩት አባቴ የከፈለበት ነገር ለሌላ ሰው ልጅ ቢደርስ ብዬ ነው። ጡረታዬ ትንሽ ናት ግን በየወሩ ትገባለች። እሷም ከናንተ ደሞዝ ላይ የሚቆረጠው ነው፣ አመሰግናለሁ።

የመርካቶ ልጅ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ይሄን ታሪክ አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልነገሩንም።

ነርሷ

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ገንዘቡ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ከፊት ሆኜ ስለማየው አንድ ነገር ልበል።

የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ብዙ ሰው አይሳካም ብሎ ነበር። አሁን በጣም ሰፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችል ድሃ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። ልክ እንደ እድር ነው፣ እድር ግን ለሞት ነው፣ ይሄ ለሕመም። ሐሳቡን ከልቤ ነው የምወደው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ሰውዬው ሃምሳ ዓመት ያልፋቸዋል፣ የቀን ሠራተኛ ናቸው። ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚይዙት፣ ዝናብ እንዳይነካው። ታዩ፣ ላብራቶሪ ተሠራላቸው፣ ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈ። ምንም አልከፈሉም። ደስ ብሏቸው ወደ ፋርማሲያችን መስኮት ሄዱ። መድኃኒቱ የለም። «ከውጭ ይግዙ» ተባሉ። መንገዱን ተሻግረው የግል ፋርማሲ ዋጋ ጠይቀው ተመለሱና እኔ ጋ መጥተው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ምንም አላሉኝም። ፌስታሏን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በዓመቱ እድሳት ላይ አላየኋቸውም።

ያ ሰው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ አይደለም የቀረው። ከፍሎ አልደረሰውም። መድኃኒት ባለበት ወር ሰው ራሱ ጎረቤቱን ይዞ መጥቶ ይመዘገባል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅስቀሳ አያስፈልገንም፣ መደርደሪያው ሙሉ ከሆነ ሰው ይከፍላል።

የገርጂዋ፣ እናትሽ መድን አላቸው? የስኳር መድኃኒት የሚሸፈን ነው። ካለ ከዚያ ይወስዳሉ፣ 1,900ው ሊቀንስልሽ ይችላል።

የገርጂዋ

አላት፣ ግን መድኃኒቱ አንድ ወር ይኖራል ሁለት ወር ይጠፋል። በሌለበት ወር ነው እኔ የምልከው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛው ወር ነው።

ነርሷ፣ የጻፍሽው በጣም ነካኝ። መድረሱን በምን ልወቅ ያልኩት ይሄንን ነበር።

ወረዳ የሚሠራ

የየትኛው ወረዳ እንደሆንኩ አልናገርም። ግን መድረሱን በምን ልወቅ ላልሽው መልስ አለኝ። የወረዳ በጀት ለሕዝብ መለጠፍ አለበት። ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት፣ ለመድኃኒት ስንት። ግቢው ውስጥ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የመጣ ሰው መጠየቅ መብቱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ቢሮ ስድስት ዓመት ስሠራ ስለ በጀቱ መጥቶ የጠየቀኝ ሰው ሁለት ነው። አንዱ ተማሪ ነበር፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ። ሰው አይጠይቅም፣ እኛም ካልተጠየቅን አናድስም። ይሄ የኛ ጥፋት ነው፣ አልሸፍነውም። ግን ብትመጡ የምንቀየር ይመስለኛል።

ሠርቶ አደር

እኔ ሰሌዳው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ወረዳ የምሄደው መታወቂያ ለማሳደስ ነው።

ከስቶክሆልም

የወረዳው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ እዚህ የኮሙኑን በጀት ስልኬ ላይ አየዋለሁ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ለምሳ ስንት እንደሚያወጣ ድረስ። የገርጂዋ፣ ሄደሽ እዪውና ንገሪን። የእውነት እጠብቃለሁ።

የገርጂዋ

ከአራት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ ወረዳችን ሄድኩ። ሰሌዳው አለ፣ መስታወት ያለው ነው፣ ከመጸዳጃ ቤቱ መግቢያ አጠገብ። ወረቀቱ ያምናው ነው። ፀሐይ ስለመታው ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል፣ ግማሹን በስልኬ መብራት ነው ያነበብኩት። ለጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚል መስመር አገኘሁ። በእጄ ደብተር ላይ ገለበጥኩት። ቁጥሩ ብዙ ይሁን ትንሽ ለመፍረድ አልቻልኩም፣ የሚወዳደርበት የዘንድሮው የለማ።

ቢሮ ገብቼ የዘንድሮውን ጠየቅኩ። ልጁ መጀመሪያ ከየት መሥሪያ ቤት እንደተላክሁ ጠየቀኝ። «ከየትም፣ ነዋሪ ነኝ፣ ግብር ከፋይ ነኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ስሜን ጻፈ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ኃላፊው ሐሙስ ይገባል፣ ሐሙስ ነይ» አለኝ።

ማታ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ መድኃኒቱ መስመር ስነግራት ሰፌዱን አስቀመጠችው። «የሴፍቲኔቱስ ተጽፏል?» አለችኝ። አላየሁም አልኳት፣ እሷን ረስቼ የእናቴን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ሐሙስ ጠረጋዋን ስትጨርስ በሦስት ሰዓት ወረዳው በር ላይ ትጠብቀኛለች። አብረን እንገባለን።

ነርሷ

የመድኃኒቱን መስመር ፎቶ አንሺው እባክሽ። የኛን ጤና ጣቢያ ከሱ ጋር ላስተያየው።

የመርካቶ ልጅ

እኔም የኛን ወረዳ ነገ ከዐሱር ሰላት በኋላ አያለሁ። ሱቁን ልጄ ይጠብቃል።